አንቀጽ ዘጠኝ

የእድራችን ሴቶች ስብሰባ ላይ እጄን ስለማላወጣ ይቀልዱብኛል። እጅሽን ለማን አበደርሽው ይሉኛል። ስቄ አልፋለሁ። ደክሞኛል፤ ለምን እንደደከመኝ ማስረዳቱም ያደክማል።

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ ፓርቲ ነበረን። አዎ፣ ፓርቲ፤ አምስት ሰው። እኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት፣ አንድ የታሪክ መምህር፣ አንድ ድሬሰር፣ አንድ የባቡር ሠራተኛ፣ ኦቦ እያልን የምንጠራቸው ልብስ ሰፊ። ሌሎች ስድስት ደግሞ ጅቡቲ ነበሩ፤ በረሃ አቆራርጠው የወጡ የመምህሩ የትምህርት ቤት ጓደኞች። ፓርቲው የተወለደው እሱና እነሱ በደብዳቤ ሲጨቃጨቁ ነው። ሰው የመሰለውን ይናገር፣ መሪ ተመርጦ ይምጣ፣ ሲሸነፍ ይውረድ፣ ማንም በሐሳቡ አይታሰር፤ ያመንነው ይኼንኑ ነው። ያኔ አሳሪውም ታሳሪውም ሶሻሊስት ነበር፤ እኛን የሚሰማ ማን ነበር?

የምንሰበሰበው ቅዳሜ ከሰዓት በኦቦ ሱቅ ጓዳ ነው። ድምፃችን ወደ መንገድ እንዳይወጣ እሳቸው የስፌት መኪናቸውን እየረገጡ ይሳተፋሉ። ስብሰባ ስል ደግሞ የምር ስብሰባ ነው። አጀንዳ አለ፣ ሰብሳቢ አለ፣ እጅ ይወጣል። ደብዳቤያችን ሲሄድ በሽንኩርት ጆንያ፣ ሲመጣ በተምር ካርቶን ሥር ነው፤ መልሱ አንዳንዴ ወር ይፈጃል። ሁለቱም ወገን ካልተስማማበት የሚጸና ነገር አልነበረም። አንድ ሰው ትእዛዝ ሲሰጥ አገር ሲያጨበጭብ እያየን መርሮን ስለነበር ደንቡን የሙጥኝ አልን።

አንቀጽ ዘጠኝን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አባል ቦታውን ለቆ ድንበር የሚሻገረው ሁለቱም ወገን ድምፅ ሰጥቶ ሲፈቅድ ብቻ ነው ትላለች። ቅናትም ነበረበት፤ መሮጥ የሚችል ሁሉ ከሮጠ እኛ ለማን ቀረን? መምህሩ ግን ሲያነባት ፊቱ በራ፤ ጥሩ አንቀጽ ናት አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ።

ዓመት ሳይሞላ የቀበሌው ሰዎች ስለ መምህሩ መጠየቅ ጀመሩ፤ ምን እንደሚያነብ፣ ከማን ጋር እንደሚውል። ድሬሰሩ አንድ የቀበሌ ሹም ቤት መርፌ ሊወጋ ሄዶ፣ የመምህሩ ስም የሚታሰሩ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ መግባቱን ሰማ። የባቡር ሠራተኛው ሰኞ ወደ ጅቡቲ በሚወጣው የዕቃ ባቡር እደብቀዋለሁ አለ። ቅዳሜ ተሰበሰብን። አጀንዳው አንድ ነው፤ የጅቡቲን ፈቃድ ሳንጠብቅ ይሂድ፣ ወይስ እንጠብቅ?

ድሬሰሩና የባቡር ሠራተኛው ይሂድ ብለው እጃቸውን አወጡ። ኦቦ መርገጣቸውን ሳያቆሙ፣ ሲጨንቀን ደንብ ከጣስን ከእነዚያ በምን ተለየን አሉ። እኔም እጄን ከእሳቸው ጋር አወጣሁ። እስከ ዛሬ ምክንያት ስደረድር እውላለሁ፤ አንቀጿ የእኔ ስለሆነች ነው፣ ስላመንኩባት ነው እላለሁ። እውነቱን ልናገር? እንዲሄድብኝ አልፈለግኩም።

ሁለት ለሁለት። እኩል ሲሆን የሚለየው የሰብሳቢው ድምፅ ነው፤ ሰብሳቢው ደግሞ መምህሩ ራሱ። ሁላችንም አየነው። ኦቦ እንኳ እግራቸውን አቆሙ።

«ራሴን በሚመለከት ጉዳይ ድምፅ አልሰጥም» አለ። «ደንቡ ይጽና፤ እንጠብቅ።»

አይ የእኛ ነገር። ሰኞ ዕለት ደብዳቤው በባቡሩ ሄደ፤ እሱ ቀረ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኛ ጠርጥረንም ተመነጠርን። ሐሙስ ጠመኔ እንደያዘ ከክፍል ወሰዱት። አልተመለሰም።

መልሱ በሦስተኛው ሳምንት ተምር ካርቶን ሥር ሆኖ መጣ። በሙሉ ድምፅ ተፈቅዷል፣ ቶሎ ይምጣ ይላል፤ ስድስት ፊርማ አለበት። ኦቦ ተቀብለውኝ በመቀስ አደቀቁት፤ ከጨርቅ ቁርጥራጩ ጋር ጠረግነው። ከዚያ ወዲያ አልተሰበሰብንም። ፓርቲው ይፍረስ ብሎ ድምፅ የሰጠ እንኳ የለም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ የመምህሩ ታናሽ እህት ቤቴ መጣች። በዚያ ሰኞ መሄድ ይችል እንደነበር ከባቡር ሠራተኛው ሰምታ ኖሯል። አስቀምጬ ውሃ አቀረብኩላት።

«እትዬ፣ ይጠብቅ ያለው ማን ነው?» አለችኝ።

«ድምፁ እኩል ለእኩል ነበር» አልኳት።

ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። ከዚያ፣ እንግዲህ የእግዜር ፈቃድ ነው፣ እርስዎም ራስዎን አይጉዱ ብላ እኔኑ አጽናንታኝ ሄደች።