ቃሬዛ መሬት አይነካም

እንዳላማውን ቆሞ ያየ ሰው ተቀምጧል ይለዋል። እውነቴን ነው። ከእኛ ቀበሌ ወንድ ሁሉ አጭሩ እሱ ነው፤ ድንቹን ሲኮተኩት ከማዶ የሚታየው ባርኔጣው ብቻ ነው። እግዜር ግን ከቁመቱ የቀነሰውን ጉሮሮው ላይ ጨምሮለታል። ከጮቄ ግርጌ ሆኖ ሲጣራ ሮብ ገበያ የታሰረ አህያ ጆሮውን ያቆማል እያልን እንስቅበታለን።

ይኸው ሰው ነው እንግዲህ የቃሬዛ ማኅበራችን አለቃ። በእኛ አገር ታማሚ ወደ ሐኪም ቤት የሚወርደው በሰው ትከሻ ነው። ሁለት አጣና፣ በመሐሉ የተጠላለፈ ጠፍር፣ ከላይ ጋቢ። ሁለት ሰው ከፊት፣ ሁለት ሰው ከኋላ ይይዛል፤ የቀረው እየተከተለ ይቀያየራል። እንዳላማው ግን ተሸክሞ አያውቅም። እሱ ከገባ ቃሬዛው ያዘነብልና ታማሚው ይንሸራተታል። እኔ ደብሪቱ ደግሞ ምላሴን የምቆጥብ ሴት አይደለሁም፤ ይኼ ሰውዬ አሸካሚ እንጂ ተሸካሚ አይደለም፣ እንዲህማ ከሆነ እኔም አለቃ እሆናለሁ ስል ኖሬያለሁ። እሱ ይስቃል እንጂ አይመልስልኝም።

ሥራው ሌላ ነው። ሰውን እንደ በሬ በቁመት ያቀናጃል። ከፊት ከፊት እየሄደ ድንጋዩን፣ ጭቃውን፣ ቦዩን ይናገራል። ደከመኝ ማለት የሚያሳፍረው ወንድ ብዙ ነው፤ እሱ ፊቱን አይቶ፣ ሳይጠየቅ ያስቀይረዋል። ከሁሉ በላይ አንዲት ሕግ አለችው፤ ቃሬዛ መሬት አይነካም። መንገድ ላይ እየቆመ እያሳረፈ የሚሄደው ሬሳ ነው፤ ካህናቱ ፍትሐት እንዲያደርሱለት። ሕያው ሰው ከትከሻ ትከሻ እንጂ ወደ መሬት አይወርድም ይላል። እኔ ግትርነት ይመስለኝ ነበር።

አምና ሐምሌ የእህቴ ልጅ የኔአለም ምጥ ጠናባት። እናቷ ስትሞት አዝዬ ያሳደግኋት፣ ከወለድኳቸው የማልለያት ልጄ ናት። የመጀመሪያዋ ነው። እንደምንም ሮብ ገበያ ጤና ጣቢያ አደረስናት፤ ነርሷ ዳበሰቻትና ፊቷ ተለዋወጠ። ልጁ በአግድም ነው የመጣው፣ ደብረ ማርቆስ ደርሳ ኦፕራሲዮን ካልሆነች እናትም ልጅም የለም አለችን። በግጭቱ መንገዱ ከተዘጋ ሰንብቷል፤ መኪና አይወጣም፣ አይወርድም። ስልክም የለም። አምቡላንስ የሚባለውን ነገርማ መልኩንም ረስተነዋል።

ሰውም የለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ፤ ሃምሳው ሰው ሲበተን ሎሚውን ማን ይያዘው? ከማኅበሩ ጎልማሳ ከፊሉ አገር ለቋል፣ ከፊሉ ሰው ሲያይ ይሰወራል። የቀሩት ከባሏ ከአበባው ጋር ስምንት ናቸው፤ ከእነሱም ሁለቱ ሽማግሌ ሊባሉ የደረሱ። እንዳላማው አንድ በአንድ አያቸው፤ በትከሻ አቀናጃቸው። ከዚያ ወደ የኔአለም ጎንበስ ብሎ ማርቆስ እንገባለን፣ አንቺ ብቻ አድምጪኝ አላትና ከፊት ሆነ።

ድሮ ቢሆን ቃሬዛ ጎጥ ለጎጥ ይቀባበላል። የሚያርሰው ሞፈሩን ጥሎ ይመጣና ትከሻውን ይሰጣል፤ እስከሚቀጥለው መንደር አድርሶ ይመለሳል። አሁን ግን የብዙ ሰው ኮቴ የሰማ ሁሉ ደግ ነገር አይመስለውም፤ ገና ሳንደርስ በሩ ይዘጋል። ለዚህ ነው እንዳላማው የሚያዜመው። የሚያዜም ሰው ክፉ ይዞ አይመጣም፣ ሬሳም ይዞ አይመጣም።

ተቀበል ወንድሜ፣ ተቀበል ጎረቤት፣
ነፍስ ነው የያዝነው፣ ሁለት ነፍስ በአንድ ቤት።

ይላል እሱ፤ ሰዎቹ "ሆ" እያሉ እግራቸውን በዜማው ያነሳሉ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል፣ ጭጋጉ ፊት ይገርፋል። እኔ እጇን ይዤ በጎን እሮጣለሁ። ጋቢውን ገለጥ ሳደርግ ከንፈሯ አመድ መስሏል። "እትዬ፣ ዜማው ይሰማኛል" አለችኝ። "እሱ እስካለ አለሁ ማለት ነው።" ዝም በይ፣ ጉልበትሽን አትጨርሺ ብዬ ተቆጣኋት።

ማንም አልወጣልንም። አንድ ቤት ብቻ በሩ በስንጥቅ ተከፈተና አንዲት ሴት በነጠላዋ ጫፍ ቆሎ ቋጥራ ሰጠችኝ። ወንድ የለም ወይ ብላት፣ ወንዱ ሁሉ ከታች አያ ደምለው ለቅሶ ላይ ነው፣ ትልቁን ልጃቸውን ቀብረው ገና ድንኳን አልተነሳም አለችኝ። ቆሎውን ለተሸካሚዎቹ በእጄ እየዘገንኩ እንደ ጫጩት አጎረስኳቸው፤ እጃቸው አጣናውን አይለቅማ።

ዳገቱን እንደ ጨረስን የሺዋስ ቆመ። የሺዋስ ከሁሉም ግዙፉ ነው፤ ግዙፍ ሰው ሲቆም ሁሉም ይቆማል። ትከሻው ተልጦ ሸሚዙ ደም ነክቷል። እናሳርፋት አለ። ጥቂት፣ ትንፋሽ እስክንይዝ። አበባው ሚስቱን እያየ ማልቀስ ጀመረ። ሌሎቹም ዓይናቸው መሬት መሬቱን ያያል፤ የልባቸውን ነው የሺዋስ የተናገረላቸው። እኔ ራሴ፣ ይቅር ይበለኝና፣ ምናለ ቢያሳርፏት ብያለሁ በሆዴ።

እንዳላማው አልተቆጣም። ወደ የሺዋስ ተጠግቶ አንገቱን አንጋጦ አየው፤ ደረቱ ጋ አይደርስም።

"ካሳረፍካት ትቀመጣለህ። ከተቀመጥክ አትነሳም። አንተ ካልተነሳህ ማን ይነሳል?"

እንዳላማው ወደ ቀኝ ትከሻ አዛውሩ አለ፤ አዛወሩ። ከዚያ አሁን አዝማቹን የሺዋስ ነው የሚያወጣው፣ የኔ ጉሮሮ ደርቋል ብሎ ዋሸ። ጉሮሮው እንኳን ሊደርቅ! የሺዋስ እያጉረመረመ ጀመረ፣ ከዚያ ድምፁ ወጣ፣ ከዚያ እግሩ ተከተለው። የሚያዜም ሰው ማጉረምረም አይችልም። ያኔ ነው እንግዲህ ይኼ ድንክ ምን እንደሚሸከም የገባኝ።

ቁልቁለቱን ስንጀምር ድንኳኑ ታየን። ከመንገዱ ዳር የተወጠረ ሸራ፣ ከሥሩ ጥቁር የለበሰ ሰው ጢም ብሎ። የምንፈልገው ትከሻ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ግን ለቅሶ ቤት ፊት እያዜመ የሚያልፍ ማን ነው? ያደረገው ሰው እንኳን ትከሻ ሊሰጡት ዱላ ነው የሚተርፈው፤ እርግማኑም ከልጅ ልጅ ይደርሳል። የሺዋስ ድምፁን ቆረጠ። እንዳላማውም ባርኔጣውን አወለቀ፣ ነጠላውን አዘቀዘቀ፣ አቀርቅሮ ከፊታችን ወረደ። ወግ ነው። ማንም ያንን ነው የሚያደርገው።

ወጉ ራሱ ጉድ ሠራን። ከድንኳኑ ሆኖ ላየ ሰው የሚመጣው ምን እንደሆነ አስቡት። በጋቢ የተሸፈነ ቃሬዛ፣ ዝም ያሉ ሰዎች፣ ነጠላውን ያዘቀዘቀ ሰው ከፊት። ሴቶቹ ሌላ ሬሳ መጣ አሉ። አንዷ ጩኸቷን ለቀቀችው፣ ሌሎቹ ደረታቸውን እየመቱ ወደ እኛ ሮጡ። ወየው፣ ወየው፣ የማን ልጅ ይሆን እያሉ ቃሬዛውን ከበቡት።

የኔአለም ይኼን ሁሉ ከጋቢው ሥር ትሰማለች። ዜማው ቆሟል፤ የሚለቀሰው በእሷ ላይ ነው። የያዝኩት እጅ ሲላላ ተሰማኝ። ስሟን ጠራሁ፣ አልመለሰችም። ጨመቅኋት፣ አልጨመቀችኝም። የኔአለም ብዬ ስጮህ ተሸካሚዎቹ ያለቀላት መሰላቸው። የሺዋስ ጉልበቱ ታጠፈ፤ አጣናው ከትከሻው ወደ ክንዱ፣ ከክንዱ ወደ ወገቡ ወረደ። ቃሬዛው መሬት ሊነካ ስንዝር ቀረው።

እንዳላማው ዞር አለ። ፊቱን አየሁት፤ እንደ ፈራ ሰው ነጭ ሆኗል። ከዚያ ባርኔጣውን ራሱ ላይ መለሰና፣ በለቅሶው መሐል፣ በለቅሶኛው ፊት፣ አዜመ።

ድምፁ መጀመሪያ ተሰነጠቀ። ሴቶቹ ክው ብለው ዝም አሉ። አንድ ጎረምሳ ዱላውን ይዞ ተስፈንጥሮ ወጣ፤ ሌላው ያዘው። ከሳሩ ላይ አያ ደምለው ተነሡ። ፀጉራቸው ተላጭቷል፣ ገመድ ታጥቀዋል፤ ቀስ እያሉ መጥተው እንዳላማው ፊት ቆሙ።

"ምን አደረግሁህ?" አሉት።

"ምንም አላደረጉኝም አያ። ይቺ ልጅ ሕያው ናት። ዝም ካልኩ ትሞትብኛለች። ስመለስ የፈቀዱትን ያድርጉኝ።"

መልስ አልጠበቀም፤ ቀጠለ። እንባው እየወረደ ነው የሚያዜመው። ያኔ በእጄ ውስጥ ጣቷ ተንቀሳቀሰ። በጣም ትንሽ ነው፣ ግን ተንቀሳቀሰ። አለች ብዬ ጮህኩ፤ ሌላ ምን እንዳልኩ አላውቅም።

አያ ደምለው ጋቢውን ገለጥ አድርገው ፊቷን አዩ። መልሰው ሸፈኗት። ከዚያ የሺዋስን በእጃቸው ገፋ አድርገው ትከሻቸውን ከአጣናው ሥር አስገቡ። ወደ ለቅሶኛው ዞረው "ምን ትቆማላችሁ፣ ተቀበሉ እንጂ" አሉ። ድንኳኑ ተገለበጠ ማለት ይቻላል። ትከሻ በትከሻ ተነባበረ፤ የእኛ ሰዎች እጃቸውን አንጠልጥለው ቀሩ። ጥቁር የለበሰ ሰው ሁሉ "ሆ" እያለ ማርቆስ ድረስ ወረደ። ከተማ ስንገባ የባጃጅ ሾፌሮቹ ለቅሶ ይሁን ሠርግ ግራ ገብቷቸው ቆመው ያዩን ነበር።

ሐኪሞቹ እንደ ደረሰች አስገቧት። ሴት ልጅ አወጡላት። ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ብሎ ሐኪሙ ሊነግረኝ ሲጀምር፣ ተወው ልጄ አልኩት።

የኔአለም ቁስሏ ጠግኖ ቤቷ ስትገባ እንዳላማው ድንጋይ ፈልጎ ተሸከመ። በእኛ ወግ የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከተበዳይ እግር ሥር ይወድቃል። ትንሽ ድንጋይ ይበቃ ነበር፤ እሱ ግን አንገቱን የሚያጎብጥ መረጠ። እኔና የሺዋስ፣ አበባውም፣ ተከትለነው ሄድን። የሺዋስ ላግዝህ ቢለው እምቢ አለ። አሸካሚ እንጂ ተሸካሚ አይደለም ያልኩት ሰው ያንን ቁልቁለት ሁሉ አንዴም ሳያሳርፍ ወረደው።

አያ ደምለው ደጃቸው ላይ አገኙት። እግራቸው ሥር እስኪወድቅ አልጠበቁም፤ ድንጋዩን ከጫንቃው ራሳቸው አንሥተው ጣሉትና እሱን አጠገባቸው አስቀመጡት።

"የኔን ልጅም በቃሬዛ ነበር ያወረድነው" አሉ። "ከፊት የያዝኩት እኔ ነኝ። ታሟል፣ አይረበሽ ብለን ሁላችንም ዝም አልን። ሲደክመንም እያሳረፍን ሄድን።"

እንዳላማው ቀና ብሎ ማየት አቃተው። እኔም ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከተትኩ።

"ግጥሟን አስተምረኝ" አሉት። "ነገ ደግሞ የማን ልጅ እንደሚሆን አይታወቅም።"

እንዳላማው ድምፁን እንዲያ ዝቅ አድርጎ ሰምቼው አላውቅም። ስንኝ በስንኝ ሰጣቸው፤ አያ ደምለውም እንደ ቆሎ ተማሪ ቃል በቃል እየተቀበሉ ከኋላው አሉት። ነፍስ ነው የያዝነው የሚለው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተቆረጠ። እንዳላማው ጠበቃቸው፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ጀመሩ።