ፑንታ ካና ላይ ደጅ ያለው ክፍል

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት... ዝናቡ ከተማችንን ሚዛንን ጠፍሮ ይዟት ሱቄ ውስጥ ዝር የሚል ሰው የለም። ሥራዬ መጻፍ፣ ማተም፣ ፎቶ ኮፒ፣ አልፎ አልፎም ለሰው ትኬት መቁረጥ ነው። ስልኬን እየነካካሁ ቁጭ ባልኩበት ጎረቤታችን ጋሽ ግርማ ጭቃ በያዘ ቦት ጫማቸው ገቡ። ቴፒ ቡና ሲያስጭኑ ውለው መምጣታቸው ነው።

«ልጄ፣ አንድ ሆቴል ፈልጊልኝ» አሉ።

«የት ነው ጋሼ? አዲስ አበባ?»

«ካሪቢያን።»

በዚህ ሱቅ ያልሰማሁት ጉድ ስለሌለ እኔ ቶሎ አይገርመኝም። ይሄኛው ግን ቀና አስባለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው ሄለን ካናዳ ነርስ ናት። ልታገባ ነው። ልጁ የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሰው ሲሆን ስሙ ራፋኤል ነው... ጋሽ ግርማ ሩፋኤል ብለውት ጨርሰዋል። ዘመዶቹ ሁሉ እዚያ ስለሆኑ ሰርጉ ፑንታ ካና በሚባል የባሕር ዳር መዝናኛ፣ አሸዋ ላይ እንዲሆን ቀኑ ተቆርጧል። ቪዛውንም ልጅቷ ጨርሳለች። የቀረው የአባት እሺታ ነው።

«እሺ አላልኩም!» አሉ። «ሴት ልጅ ከአባቷ ቤት ነው የምትወጣው። እሱ መጥቶ፣ ደጄ ቆሞ፣ ለምኖ ይወስዳታል። እኔ ልጄን አንጠልጥዬ ወንዱ አገር ድረስ ሄጄ 'እንካ' ልበለው? ኧረ ምን ያለ ውርደት ነው!»

ውሸት የላቸውም። እኛ ጋ ሙሽራው ሲመጣ የሙሽሪት ወገን በሩን ዘግቶ፣ ዘፍኖ፣ ተሳድቦ፣ በደንብ ሳያስለምን አያስገባውም። ደጅ ከሌለ ይሄ ሁሉ የለም።

«ታዲያ ሆቴሉ ምን ያደርግልዎታል?» አልኳቸው።

«ክፍል እይዛለኋ! እስካለሁበት ድረስ ቤቴ ነው። ልጄም ከዚያ ትወጣለች። ብቻ በሩ በቀጥታ ወደ ውጪ የሚከፈት ይሁን። ሰርገኛ የሚቆምበት ደጅ ያለው።»

ፍለጋ ጀመርኩ። ድረ ገጹ ላይ 'ባሕር የሚያሳይ' የሚል ምርጫ አለ፣ 'ቁርስን ጨምሮ' የሚል አለ። 'ሰርገኛ የሚያስቆም' የሚል የለም። ለአንዱ ሆቴል ጻፍኩላቸው። ወዲያው መለሱ፤ ለሙሽሮች ከሰርጉ ዋዜማ ጀምሮ አንድ ላይ የሚያድሩበት ክፍል በነፃ እንሰጣለን ይላሉ። ተርጉሜ ሳልጨርስ የጋሽ ግርማ ፊት ተለዋወጠ።

«በዋዜማው? እኔ አባቷ እዚያው እያለሁ?»

ቶሎ ብዬ ወደ ሌላ ሆቴል አለፍኩ።

በስንት ፍለጋ ተገኘ። ብቻዋን የቆመች ትንሽ ቤት፣ ከፊቷ ሰፊ አሸዋ፣ ከአሸዋው ወዲያ ሰማያዊ ባሕር። እኔ ባሕሩን ሳይ ምራቄን ዋጥኩ። እሳቸው ባሕሩን ዞር ብለውም አላዩት። ፎቶው ላይ በሩን በጣታቸው አጎሉና መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ይሄ መስታወት ነው እኮ!»

«አዎ ጋሼ፣ ባሕሩ እንዲታይ ነው።»

«እኔስ ልታይ አይደል? ሙሽራው ልጅቷን ለብሳ ቁጭ ብላ እያያት፣ 'ገና አልደረሰችም፣ ቆይ' የምለው እንዴት ነው?»

ሳቄ አመለጠኝ። ጋቢ እንደ መጋረጃ እንደሚሰቀል ነገርኳቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም። ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«በሩስ ይሁን...» አሉ ቀስ ብለው። «ማን ይዘጋዋል? የምንሄደው እኔና እናቷ ብቻ ነን። አክስቶቿ እዚህ፣ አብሮ አደጎቿ እዚህ። ሁለት ሽማግሌ በር ይዘን ብንቆም እነዚያ ምን ይላሉ? ወገን የላትም ነው የሚሉት። ልጄን ወገን የላትም ሊሏት... ይቅር። አልሄድም።»

ድምፃቸው ተሰበረ። እኔም ስልኬን አነሳሁ። ለሄለን የድምፅ መልእክት ላኩላት። በሩንም፣ መስታወቱንም፣ ጋቢውንም፣ አባቷ ያሉትንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ከዚያ ሻይ አስመጣሁና ጠጣን።

ሻዩን ስንጨርስ መልሷ መጣ። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አይለይም።

«አባዬ፣ ለራፋኤል እናት ደወልኩላት። ሁሉንም ነገርኳት። ምን እንዳለች ታውቃለህ? 'ከአባትሽ ጎን ቆሜ በሩን እኔ እይዛለሁ። እህቶቼንም ይዤ እመጣለሁ። ልጄ በደንብ ሳይለምን አይገባም' አለች። ዘፈኑንም አስተምሪን ብላኛለች።»

ጋሽ ግርማ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ደግመው ሰሙት። አሁንም ደገሙት። ከዚያ ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረግ አደረጉ።

«ሰው ነች!» አሉ። «የጨዋ ልጅ ነች!» ብድግ አሉና ጃኬታቸውን ቆለፉ። «በይ ቁረጪ ትኬቱን። ለእኔና ለእናቷ።»

ቆረጥኩ። አሁን የሚያሳዝነኝ ሩፋኤል ነው... አማቱን ሲፈራ የገዛ እናቱ ደጁን ዘግታ ትጠብቀዋለች።