ሎሚው ላይ ያለችው መንገደኛ

ለበርበሬዬ መድኃኒት እንዲረጭልኝ የለመንኩት ጎረቤቴ ፓምፑን አዝሎ ፍኖተ ሰላም ካለው ጓሮዬ ገባ። ሽታው ሲመጣብኝ አፍንጫዬን በነጠላዬ ያዝኩ፤ ልቤ ግን ቡሬ ደርሷል፤ ልጅ ሆኜ ከማልጠፋበት ከእማሆይ ግቢ።

እማሆይ የአባቴ እህት፣ መነኩሲት ነበሩ። ጎመናቸውን ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ሲወረው በሳሙና ውሃ ቅጠል በቅጠል ያሳጥቡኝ ነበር። አንድ ጠዋት ሎሚያቸው ላይ የወፍ ኩስ የሚመስሉ ትሎች አየሁና፣ ላስደስታቸው ብዬ አባቴ በአረቄ ጠርሙስ ያስቀመጠውን የበርበሬ መድኃኒት ይዤ መጣሁ።

«አስቀምጭው!» አሉ። ሲጮኹ ሰምቻቸው አላውቅም። እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና አሳጠቡኝና ከሎሚው ሥር አቆሙኝ።

«ክሽክሹ ጎመኑን ይጨርሰዋል፤ እናጥበዋለን። ይችኛዋ ግን ጥቂት ቅጠል በልታ የምትሄድ መንገደኛ ናት። የት እንደምትሄድ እስኪ እዪ።»

ከቅርንጫፉ ላይ ደረቅ ቅጠል የሚመስል ነገር ተንጠልጥሏል። እያየነው ጀርባው ተሰነጠቀ። እርጥብ፣ ጭምድድ ያለች ነገር ወጣች፤ ክንፏ በዝግታ ተዘረጋ፤ ጥቁር ሆኖ ቢጫ ነጠብጣብ ሞልቶበታል። ቢራቢሮ! እማሆይ የቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደደረሰ ሰው ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፉ።

«ልትገድያት የነበረችው ይች ናት» አሉኝ በሹክሹክታ። ሌላ አልጨመሩም።

«እታለም፣ ይሄን የጓሮሽን ሎሚም ልርጨው?» አለኝ ጎረቤቴ፣ በርበሬውን ጨርሶ።

ቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የሚመስል ነገር ይንቀሳቀሳል። ጠጋ ብዬ አየሁት። ነጠላዬን መስቀለኛ ማጣፋቴን ያወቅሁት፣ እሱ ግራ ገብቶት ባርኔጣውን ሲያወልቅ ነው።