ተራ ያስከበሩልን ጋሽ ንጉሤ

ቶሮንቶ ውስጥ ታክሲ መንዳት የጀመርኩት በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። መኪናው የሰው ነው፤ እኔ የቀን ሺፍቱን እከራያለሁ። የመጀመሪያ ቀን መሀል ከተማ ካለ አንድ ትልቅ ሆቴል በር ላይ ተሰለፍኩ። ወረፋው ተንቀሳቅሶ አንደኛ ሆንኩ። ቀይ ኮት የለበሰው በረኛ ሻንጣ የያዘ እንግዳ አስከትሎ ወጣና እኔን አልፎ ሦስተኛ የቆመውን ነጭ ሹፌር በፉጨት ጠራው።

መኪናዬ ቆሽሾ መሰለኝ። በማግስቱ አጥቤው፣ ሸሚዜንም ተኩሼ መጣሁ። በረኛው አሁንም አለፈኝ።

ከኋላዬ የቆሙ ሹፌር ወደ መስኮቴ መጡ። ጋሽ ንጉሤ ይባላሉ፤ አገር ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ።

«መኪናህ ንጹሕ ነው» አሉኝ። «እኔንም አራት ዓመት ዘሎኛል። ደህና ገንዘብ ያለው የኤርፖርት ትሪፕ ሲሆን ጥቁር አይጠራም።»

«ታዲያ ዝም አሉት?»

«ምን ዝም እላለሁ! ለሆቴሉ ማናጀር ኮምፕሌይን አድርጌያለሁ። ብቻዬን ስለሆንኩ አልሰማኝም። አሁን ሰው እየሰበሰብኩ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ከሺፍት በኋላ ክሬሰንት ታውንም ዌስተንም፣ ስደተኛ ወደሚበዛባቸው ሰፈሮች እየሄዱ የሱማሌውን፣ የሄይቲውን፣ የሕንዱን ሹፌር በር ያንኳኩ ነበር። «ተራ አስከባሪያችን» እያልን እንቀልድባቸው ነበር። አዲስ አበባ ተራ አስከባሪ የሚባለው ታክሲ የሚያሰልፈው ጯሂ ነው፤ የሳቸው ድምፅ ግን ከመኪና መስኮት አያልፍም።

ከሁሉም በላይ የለፉት ያኒስን ለማሳመን ነው። በረኛው ሁልጊዜ የሚጠራው ይህን የኢስት ዮርክ ሰፈር ግሪካዊ ሹፌር ነበር። ሁለቴ «ልጆች አሉኝ» ብሎ መለሳቸው። በሦስተኛው «እኔም ስመጣ በእንግሊዝኛዬ ይስቁብኝ ነበር» አለና እሺ አላቸው።

ደንቡ አጭር ነበር። ጥሩምባ የለም፣ ስድብ የለም፣ ሞተር ይጠፋል። ከኋላ የተጠራ ሹፌር ይወርድና በእጁ አንደኛውን እያሳየ «ሂ ኢዝ ፈርስት»፣ ተራው የእሱ ነው፣ ይላል። ሌላ ቃል አይጨምርም። ሆቴሉ ተቆጥቶ ከበሩ ካባረረን እንጀራችን መዘጋቱ ነው፤ ሁላችንም ይህን እናውቃለን።

በቀጠሯችን ቀን እኔ አንደኛ፣ ጋሽ ንጉሤ ሁለተኛ፣ ያኒስ ሦስተኛ ሆነን ቆምን። በረኛው ለያኒስ አፏጨ። ያኒስ ወርዶ ወደ እኔ እያሳየ የተባለውን አለ። በረኛው አራተኛውን ጠራ፤ እሱም ያንኑ አለ፤ አምስተኛውም። እንግዳው ሰዓቱን ያያል። በመጨረሻ በረኛው ፊቱ ቀልቶ መጣና የእኔን የኋላ በር ከፈተ።

ጉድ የሠራሁት እዚህ ላይ ነው። አባቴን የሚያህሉ ሰው አራት ዓመት ተዘለው፣ እኔ የትናንቱ ቀድሜ ልሂድ? ሳላስበው ወርጄ እጅ ነሳሁ።

«ጋሼ፣ ይቅደሙ!»

«ኧረ አንተ ግባ!»

«በሞቴ! እርስዎ እያሉ?»

በረኛው ሳቀ። «አዩ? ራሳቸው ሥራ አይፈልጉም» አለው እንግዳውን። ሻንጣውን አንጠልጥሎም ወደ ያኒስ ሄደ። የስንት ወር ልፋት በእኔ ጨዋነት ሊበላሽ ነው። ደግነቱ ያኒስ የመኪናውን በሮች ቆልፎ ያንኑ ቃል ደገመለት።

ጋሽ ንጉሤ ሲቆጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጆሮዬ ሥር መጥተው፣ «ስማ! ይህን ሁሉ ሰው ደጅ የጠናሁት አንተ ተራህን እንድትለቅልኝ ነው? አክብሮትህን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ታሳየኛለህ። አሁን ንዳ!» አሉኝ።

አፍሬ ሻንጣውን ተቀበልኩና ነዳሁ። እንግዳው ምን እንደሆንን ሲጠይቀኝ ሁሉንም ነገርኩት።

ዘጠኝ ቀን እንዲሁ አደረግን። በአሥረኛው ማናጀሩ ወጥቶ፣ ከእንግዲህ የሚጠራው አንደኛው ብቻ ነው ብሎ በረኛውን አዘዘው። መሪያችን መስሎት የጨበጠው ግን ያኒስን ነው። ያኒስ «እኔ አይደለሁም» ብሎ ዞር ብሎ ቢፈልጋቸው ጋሽ ንጉሤ የሉም። ሲመለሱ እየተናደድኩ ነገርኳቸው።

«ኤርፖርት ነበርኩ እኮ!» አሉኝ፣ ፊታቸው በርቶ።

ስማቸው የትም አልተጻፈም። እኔ በዚያ በር ልጆች አሳድጌ ጡረታ ወጥቻለሁ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።

ለአዲስ ሹፌር የምነግረው ይህን ነው፤ የሌላውን ተራ ቢሰጡህ አትውሰድ፤ የራስህ ሲደርስ ደግሞ ለማንም አትልቀቅ።