ዲክሽነሪ እና የሚስቱ ማዳመጫ

«ዲክሽነሪ» የሚል ቅጽል ስም ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው። እሱም ሲሰማ የተቆጣ ይመስላል እንጂ በልቡ ደስ ይለዋል። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ እንግሊዝኛ አስተምሯል። ቤት ውስጥም ቢሆን እንግሊዝኛ የእሱ ርስት ነበር። ደብዳቤ ሲመጣም ሆነ የመድኃኒት ማሸጊያ ሲነበብ፣ ሚስቱ «መምህር፣ እስቲ ይቺን እያት» ትለዋለች፤ እሱም መነጽሩን ሰካ አድርጎ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ ይተረጉምላታል።

ሚስቱ የአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠራተኛ ናት። አሥራ አንድ ዓመት አንሶላ ስታጥፍ ከኖረች በኋላ፣ ሆቴሉ ለእንግዳ መቀበያ ክፍል ከራሱ ሠራተኞች መሐል ሰው እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ለጠፈ። ፈተናው የጽሑፍ አልነበረም። የውጭ አገር ሰው በስልክ የሚናገረውን ሰምቶ መመለስ ነው።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ማዳመጫ ከጆሮዋ አልወርድ አለ። ልብስ ስታሰጣ ከንፈሯን ታሞጠሙጣለች፤ ዕቃ ስታጥብ ብቻዋን ትስቃለች። ባሏ ሁለቴ ሦስቴ ካልጠራት አትሰማውም።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አላት አንድ እሁድ ጠዋት።

አንዱን ማዳመጫ ነቀል አድርጋ፣ «ከድረ ገጽ ጋር» አለችና ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ አሳየችው። በልብስ መረከቢያ ቅጽ ጀርባ ላይ አራት አድራሻዎች ተጽፈዋል። አንዱ አጫጭር ዜና ቀስ ብሎ እያነበበ ጽሑፉን ከሥር ያሳያል። ሌላው ቃል ሲጻፍለት የየአገሩ ሰው እንዴት እንደሚጠራው ያሰማል። ሦስተኛው ላይ፣ ለየትኛው ድምፅ ምላስ የት እንደምታርፍ የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል አለ። አራተኛው ግን ጉደኛ ነው፤ ራሱ ያዳምጣል። የተናገሩትን ቀርጾ፣ የተበላሸውን በቀይ አስምሮ፣ ከመቶ ያርማል፤ እንደ ውጤቱም ደረጃ ይጨምራል ወይ ይቀንሳል።

ዲክሽነሪ ግን ያየው የእጅ ጽሑፉን ነው። የወንድ ነበር።

«ማነው የጻፈልሽ?»

«እንግዳ ተቀባዩ፣ ያ ረጅሙ።»

«እቤትሽ የእንግሊዝኛ መምህር ቁጭ ብሎ ሰው መለመን ምን ይሉታል?»

«አንተንማ ለምኜህ ነበር። ‘ግራመርሽን ሳታስተካክይ አፍሽን አትክፈቺ’ አልከኝ።»

ማለቱን አልካደም። ወረቀቱን መለሰላትና ጋዜጣውን ዘርግቶ፣ አንድም መስመር ሳያነብ ግማሽ ሰዓት ቆየ።

በሳምንቱ የሥራ ባልደረባው፣ የሂሳብ መምህሩ፣ ሊጠይቃቸው መጣ። ዲክሽነሪ ስለ ትምህርት ቤቱ ስብሰባ ሲያወራ «ዌድነስዴይ ከሰዓት ነው» አለ።

«ዌንዝዴይ ነው እኮ የሚባለው» አለች ሚስቱ፣ ብርጭቆ እያነሳች። «መሐል ያለችው ዲ አትሰማም።»

ክፋት አልነበረባትም። ትናንት የተማረችው ነገር አፏ ላይ መጥቶባት ነው። የሂሳብ መምህሩ ግን መች ዝም ይላል! «የእግር ወለምታ በቅቤ ይታሻል፣ የአፍ ወለምታ በምን ይታሻል ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ለካ በድረ ገጽ ነው!» ብሎ እየተንፈራፈረ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ዲክሽነሪ ጥርሱን ብልጭ አደረገ፤ አንጀቱ ግን አሯል።

ቅዳሜ እሷ ሥራ ስትገባ ላፕቶፑን ከፈተ። ያ የሚያዳምጠው ድረ ገጽ በእሷ ስም እንደተከፈተ ነበር፤ ስድስተኛ ደረጃ፣ ሰማንያ ስድስት ከመቶ። በሩን ዘግቶ፣ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ ብሎ ረቡዕን በእንግሊዝኛ ጠራ። አርባ አንድ። ደገመ። ሠላሳ ስምንት። «ቬጀቴብል» አለ፤ ቀይ። «ኮምፎርታብል» አለ፤ ቀይ። ሃያ ሦስት ዓመት ሰሌዳ ላይ የጻፋቸው ቃላት አንድ በአንድ ደም ለበሱ።

የሚስቱ ደረጃ ወደ አምስት ሲወርድ ደነገጠ። እዚያ ላይ ማቆም ይችል ነበር። አላቆመም። ከዚያ በኋላ ያሉትን ግን ሆን ብሎ ነው ያበላሻቸው፤ ሁለተኛ ደረጃ እስኪደርስ ድረስ።

አመሻሽ ላይ ገብታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ድረ ገጹን ከፈተች። ፈተናው ሊደርስ አምስት ቀን ቀርቶታል።

«ሁለተኛ? ምን ሆኜ ነው?» ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። «እኔ እኮ የቻልኩ መስሎኝ ነበር።»

«ማሽን ነው፣ ይሳሳታል» አላት። የጠበቃት ደስታ አልመጣችለትም። የእሷን ፊት ማየት አቃተው።

እሷም የሳተቻቸውን ቃላት ለማወቅ ብላ የተቀረጸውን ተጫነች። ቤቱን አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ ሞላው፤ «ዌድ... ነስ... ዌንድ... ዴይ»። ቀጥሎም በአማርኛ፣ «ምን አባቱ ነው የሚፈልገው ይሄ!»

ቀረጻው ቀጠለ። አንድ በአንድ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።

«ቀንቼ ነው» አለ ዲክሽነሪ በመጨረሻ።

«በማን?»

«በረጅሙ መስሎኝ ነበር። በአንቺ ነው።»

«እኔ ያንተን መነጽር እያየሁ፣ ደብዳቤዬን እያስነበብኩህ ስንት ዓመት ኖርኩ» አለች ድምፅዋን ሳታነሳ። «አልቀናሁም እንዳልል፣ ቀንቻለሁ። መጽሐፍህን ግን አልቀደድኩም።»

ሦስት ቀን አላናገረችውም። ማዳመጫዋን ሰክታ ከሁለት ጀምራ አምስተኛ ደረጃ ደረሰች፤ ፈተናውንም አለፈች። ዜናውን የነገረችው በስልክ ነው፣ በአጭሩ። «እንኳን ደስ አለሽ» ሲላት ከልቡ ነበር፤ ቢያንስ ከልቡ ግማሽ።

አሁን እሱም በራሱ ስም ተመዝግቧል፤ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ መኝታ ቤት ገብቶ አፉን እያጣመመ ይለማመዳል። እሷ በኮሪደሩ ስታልፍ ሲሳሳት ትሰማዋለች። አታርመውም። በሩን ቀስ አድርጋ ገርበብ ታደርግለትና ታልፋለች። ይህ ደግሞ በእንግዳ ፊት ካረመችው ቀን ይበልጥ ያንገበግበዋል። «ምነው ዝም አልሽ?» ሊላት ስንቴ አፉ ላይ ደርሶ ተመልሷል።