ዱዌን ያላመነበት ቀለም

ጎረቤቴ ሎሬታ ህሩስካ እዚህ ነብራስካ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች። ምድር ቤቷ ውስጥ ደግሞ ዘንዶ ታረባለች፤ ሲፈሩ እንደ ኳስ የሚጠቀለሉትን ትንንሾቹን። ከሁሉም የምትሳሳለት አንድ ወንድ ነበራት። ቆዳው ወተት የበዛበት ቡና ይመስላል፤ እንዲህ ያለ ቀለም ሌላ ማንም ጋ የለም። ወደ ልጅ ካልተላለፈ ግን አርቢዎቹ ዘንድ ስም አይወጣለትም።

ከተራ ሴት ጋር አዳቀለችው። የተፈለፈሉት በሙሉ ተራ ሆኑ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ እባብ እንደ መጋረጃ ፀሐይ መትቶት የደበዘዘ ነው» አላት ወንድሟ ዱዌን። ከዚያ ወዲህ በመጣ ቁጥር «መጋረጃሽ እንዴት ነው?» ሆነ ሰላምታው።

«ቀለሙ ልጆቹ ውስጥ ተደብቆ ይሆናል። አርፈህ ጠብቅ» ትለዋለች።

ከሴት ልጆቹ አንዷን አሳድጋ መልሳ ከአባቷ ጋር አዳቀለቻት። እኔ እባብ አልወድም፤ ቢሆንም እንቁላሉ የሚከፈት ቀን ጠርታኝ ከዱዌን ጋር ሄድኩ። ቅርፊቱን በትንሽ መቀስ ሰንጠቅ ስታደርገው፣ ወተት የበዛበት ቡና የመሰለ አፍንጫ ብቅ አለ። ዱዌን ጎንበስ ብሎ ደግሞ አየው።

ስም የማውጣት መብት ያለው ቀለሙ ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ ያረጋገጠው ሰው ነው። ሎሬታም «የዱዌን መጋረጃ» አለችው።

ያኮርፋል ብዬ ነበር። አርቢዎቹ እባቦቻቸውን በሚያሳዩበት ትርኢት ላይ ግን ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ሲያስቆም አገኘሁት።

«ዱዌን ማለት እኔ ነኝ» ይላል። «ቀለሙ ልዩ እንደሆነ ገና ያኔ ነግሬያት ነበር።»