ከአልጋዬ ሥር የጠቆረው አፈር

ልጅ እያለሁ እንደ ንጋት የምጠላው ነገር አልነበረም። ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ውስጥ አራት ቤተሰብ በምንኖርበት ግቢ፣ ሙቀቱ ሲብስ ሁሉም የገመድ አልጋውን እያወጣ ደጅ ነበር የሚያድረው። አንገረብ እንለዋለን። አንገረብ ለነፋስ የሚመች ነው፤ ምስጢር ግን አይችልም፤ የፈሰሰበትን ሁሉ በገመዱ መሀል አሳልፎ መሬት ላይ ይጥለዋል። እኔ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት የሞላኝ፣ ገበያም ሐኪም ቤትም ለእናቴ ዓረብኛ የማስተረጉም ትልቅ ልጅ፣ ሌሊት ሌሊት እሸና ነበር።

ፀሐይ ሳትወጣ ተነስቼ፣ ከአልጋዬ ሥር የጠቆረውን አፈር ደረቅ አሸዋ በእግሬ እየገፋሁ አለብሰዋለሁ። አንዳንድ ቀን ግን ይቀድሙኛል። የጎረቤታችን ልጅ ሐሰን፣ ከኔ የሚያንስ ነገረኛ፣ በዚያ ጠብታ በማይታይበት ወር "ያ ጀማዓ፣ ክረምት ገባ! ሰሚራ አልጋ ሥር ዘንቧል!" እያለ ግቢውን ይዞረዋል። እንኳን ሰው፣ ፍየሏም የሳቀችብኝ ይመስለኝ ነበር። ይኸው አሁን ስጽፈው እንኳ ጆሮዬ ይግላል።

እናቴ ከወሎ መጥታ አል-ጣኢፍ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ ሴት ነበረች። "ኩላሊቷን ብርድ መቷት ነው" አለች። በካርቱም ሙቀት፣ ብርድ! ከዓስር ሶላት በኋላ ውሃ ተከለከልኩ፤ ሐብሐብም ተከለከልኩ። ምላሴ ከላንቃዬ እየተጣበቀ፣ ራሴን እየፈለጠኝ እተኛለሁ። ከየት እንደሚመጣ እንጃ፣ ንጋት ላይ ያው ነው።

ማንም ያላገናኘው ነገር ነበር። የጀመረኝ እናቴ በከሻ ከተያዘች ወዲህ ነው። ከሻ የሚባለው ፖሊስ የመኖሪያ ወረቀት የሌለውን የውጭ ሰው የሚያፍስበት ነው። አንድ ሌሊት የግቢውን በር ደብድበው ገቡና፣ እናቴን ሻሿን በቅጡ ሳታስር ጭነዋት ሄዱ። አሠሪዋ ከቀናት በኋላ አስፈታቻት። እናቴ ተመለሰች፤ የኔ እንቅልፍ ግን አልተመለሰም።

ከጎናችን እትዬ ዘይነብ ይኖሩ ነበር፣ ሳጃና ያረጁ ሴት። አቧራው እንዳይነሳ ግቢው ላይ ውሃ የሚረጩት ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ ነው። አንድ ቀን ግን ሱብሒ ሰግደው ሲያበቁ ባልዲ አንስተው ግቢውን ሙሉ ያርከፈክፉት ጀመር። ከራሳቸው አልጋ ሥር፣ ከሐሰን አልጋ ሥር፣ ከኔም። ሐሰን ነቅቶ ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ዞር ዞር ብሎ ቢያይ መሬቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው።

"ምን ታያለህ? ዛሬማ ለሁላችንም ዘነበ" አሉት። "ያላ፣ ተነስና ፊትህን ታጠብ፣ አንተ ቀጣፊ!"

ከዚያ በኋላ በየማለዳው ረጩ። ስለ ሽንቱ አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። አንድ ከሰዓት ብቻ፣ ጸጉሬን እየሠሩኝ፣ "ሰሙዬ፣ ነፋሱ ወዲህ ሆኖ ሳለ ለምንድን ነው በሩ ሥር የምትተኚው?" አሉኝ። ሰው ሁሉ አፍራ ነው ብሎ ትቶኝ ነበር።

"ፖሊሶቹ ሲመጡ ቀድሜ ሰምቼ እማን እንድቀሰቅሳት" አልኩ።

እናቴ አጠገባችን ልብስ ታጥብ ነበር። እጇ ከሳሙናው አረፋ ውስጥ ቀጥ አለ። የዚያን ዕለት ማታ ውሃ በትልቁ ኩባያ ሞልታ "ጠጪ" አለችኝ።

እትዬ ዘይነብ አንገረባቸውን እየጎተቱ በሩ ሥር ወሰዱት። "እኔ ኢቃማ አለኝ፤ ቢመጡ መጀመሪያ የሚያገኙት ወረቀት ያላትን ነው። ማንኮራፋቴን ከሰሙ ደግሞ አይገቡም።" እናቴ ሳቀች፤ ከከሻው ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ነው። እኔም በሁለቱ መሀል ተኛሁ። ወዲያው አልተወኝም፤ ቀስ በቀስ ነው ከአልጋዬ ሥር ያለው አፈር የደረቀው። የራስ ምታቴም መቼ እንደሄደ አላስታውስም።

ዛሬ እዚያው ካርቱም፣ ጀብራ ሰፈር ነው ቤቴ። አንገረብ የለንም፣ ስፖንጅ ፍራሽ ነው፤ ሁሉም በየክፍሉ በሩን ዘግቶ ይተኛል፣ ሐፍረቱንም አብሮ ይዘጋበታል። እንደ ሐሰን የሚጮህ የለም። ባልዲ የሚያነሳም የለም።

ጦርነቱ ደጃችን የደረሰ ሰሞን፣ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ልጄ አንሶላዋን ጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ ስትሸጉጥ ደረስኩባት። ቀና ብላ አላየችኝም፤ ያን አንገት መድፋት አውቀዋለሁ። "ብርድ ነው" የሚለው የእናቴ ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ መለስኩት።

"የኔ ልጅ፣ መስኮቱ ሥር ለምንድን ነው የምትተኚው?"

"ተኩሱ ሲቀርብ ቀድሜ ሰምቼ እንድቀሰቅሳችሁ" አለችኝ፣ በዓረብኛ።

ፍራሿን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ጎተትኩት፤ መስኮቱ ሥር እኔ ተኛሁ። በማግስቱ ከሁሉም ቀድሜ ተነሳሁና ባልዲ አንስቼ የቤቱን ወለል በሙሉ፣ ከዳር እስከ ዳር አጠብኩት።